የዘጠኝ ሰዓት ግጥሚያ

ወልቂጤ፣ መስከረም ፳፫ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለጡት እናቴ፣ ቡታጅራ

አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ። ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ጉልበትሽ በሐምሌ ብርድ እንደሚነሣብሽ ስለማውቅ ዝናቡ በጠና ቁጥር በሐሳብ አንቺው ዘንድ ነበርኩ። የአባባ ሸምሶ ዓይንስ ተሻላቸው? ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅታቸው በክሩ ላይ ይቆጣሉ ወይስ ትተውታል? ላሚቱ ወለደች? ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንደምን አሉ? ዘንድሮ መስቀልና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። እዚህ የክትፎው ቅቤ ከእጃችን ሳይለቅ ጎረቤቶቻችን ጾም ያዙ። ረመዳኑን አላህ የጤና ያድርግልሽ።

እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ ደኅና ነኝ ብዬ መጻፍ ልማዴ ነው። አሥር ዓመት ሊሞላ ለጥቂት፣ በየደብዳቤው እንዲያ እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን በዚህ ወረቀት ላይ ውሸት ላለማስፈር ከራሴ ጋር ስለተማማልኩ እንዲያ አልልሽም። ደኅና አይደለሁም። ሰውነቴ ጤና ነው፤ የተሰበረው ጉልበቴ እንኳ ብርድ ካልሆነ አያስታውሰኝም። ያመመኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ታሪካችንን ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ከሥሩ ልጀምር፤ ከመሃል ከጀመርኩ አዳልጬ አመልጣለሁ፣ አመሌን አውቀዋለሁ።

አባቴ ከመንዝ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ለቡታጅራ ባዳ። እናቴ ዓለምዘውድ እኔን በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን በትኩሳት አረፈች። ያን ጊዜ አጥሩን ተሻግረሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ልጅሽን ከድሮን ከወለድሽ ገና ሦስት ወርሽ ነበር። የእኛም ወገን አጉረመረመ፣ የእናንተም ወገን አጉረመረመ፤ አንቺ ማንንም ሳትሰሚ አንዱን ጡት ለልጅሽ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠሽ። ቄሱ ሊመክሩት ሲመጡ አባቴ፣ ልጁ ሞቶ ከሚፈቱት ዛሬ ዝም ቢሉ አይሻልም ወይ ብሎ እንደመለሳቸው እስኪሞት ድረስ ይተርክልኝ ነበር። ከድሮ ግን ሲያበሽቀኝ፣ አንተ የጠጣኸው የእኔን ትርፍ ነው ይለኝ ነበር። እየሳቅኩ እሰማው ነበር እንጂ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ይህ ሁሉ የመጣውም የእሱን ትርፍ መውሰድ የሰለቸኝ ቀን ነው።

የሒሳብ መምህራችን የነበሩት ህንዳዊ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ለቅርጫት ኳስ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ሲያቆሙ ትዝ ይልሻል? በየጫፉ የጣውላ ሰሌዳ መትተው የበርሜል ቀለበት ሲሰቅሉበት አንቺ በዚያ ስታልፊ፣ ማን ሊሰቀልበት ነው ብለሽ ደንግጠሽ ነበር። ሊሰቀልበት የነበረው የእኔ ሕሊና ኖሯል። እኔና ከድሮ ከዚያ ሜዳ ጠፍተን አናውቅም። አባባ ሸምሶ የልብስ ስፌት መኪናውን ለልጃቸው ለማስተማር ሲፈልጉት ከቅርጫቱ ሥር ነበር የሚያገኙት።

ሁለታችንም ጋርድ ነበርን። ጋርድ የሚሉት ኳስ አከፋፋዩን ነው። ሰው የሚያጨበጭበው ነጥብ ላስቆጠረው ረዥም ልጅ ነው፤ ጨዋታውን የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም ግን ጋርዱ ነው። ማን እንደደከመ፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው አንገቱን ሳያዞር ያያል። ለደከመው ኳሱን ቀስ አድርጎ እያነጠረ ፋታ ይሰጠዋል። ይህ ነው ሥራው። ከድሮ በዚህ ሥራ ይበልጠኝ ነበር። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄም እንደፈራሁት አልደረቀም። እሱ ወደ ቀኝ እያየ ወደ ግራ ያቀብል ነበር፤ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ብቻዬን ስለማመደው ከርሜ ጠዋት ይጠፋብኛል። አምበል ያደረጉኝ እኔን ነበር፤ ያም ቢሆን አማርኛዬ ስለሚያምርና ከእንግዳ ጋር መነጋገር ስለምችል እንጂ ስለምበልጠው አልነበረም።

በረመዳን ልምምዳችንን ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ያደረግነው በእኔ ሐሳብ ነው። አንቺም ለዚህ መርቀሽኛል። ጎህ ሳይቀድ ሱሑሩን በልቶ የወጣ ሰው ጠዋት ጉልበት አለው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። እኔ አልጾምኩትም እንጂ ከጾመው ጋር ስላደግኩ ሰዓት በሰዓት አውቀዋለሁ። ይህን ያዥልኝ፣ እናቴ። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

በ፲፱፻፶፮ ጥር ወር፣ ረመዳን ላይ፣ አቶ ሀብተወልድ የሚባሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጡ። የአንድ ፋብሪካ ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። ፋብሪካው ኳስ ለሚጫወቱለት ልጆች ደመወዝ ይቆርጣል የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ጋርድ ነው፤ አንድ ብቻ። እሑድ ከወልቂጤ ልጆች ጋር ስንጋጠም አይተው ሊመርጡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልምምዳችንን ቆመው ተመለከቱና ሲያበቃ እኔን ጠሩኝ። ህንዳዊው መምህራችን ወባ ጥሏቸው ተኝተው ነበርና ከእኔ በቀር የሚያነጋግሩት አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ያ ሳያይ የሚያቀብለው ልጅ ማን እንደሆነ ነው። የጡት ወንድሜ ነው አልኳቸው። ስለ እኔ ምንም አልጠየቁኝም።

ቀጥለው ሰዓቱን አነሡ። እንደምታውቂው በእኛ ልማድ የግጥሚያ ሰዓት የሚመርጠው ባለሜዳው ነው። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሻላችኋል ወይስ ከሰዓት ዘጠኝ?» አሉኝ።

ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለው ጊዜ ኳስ መሬት ነክቶ ወደ እጅ የሚመለስበትን ያህል ነበር። በዚያ መሃል ሁሉን አየሁ። ከድሮን ጠዋት አየሁት፣ ከሰዓት አየሁት። እኔንም ቡታጅራ ቀርቼ የአባቴን ብዕርና ቀለም ስወርስ አየሁ። «ዘጠኝ ሰዓት ይሁን» አልኩ። እሑድ ጠዋት ክርስቲያኑ ቅዳሴ ስለሆነ ተመልካች አይኖርም ብዬ ምክንያትም ጨመርኩበት። እኔ ቅዳሴ የቆምኩበት ቀን በአንድ እጅ ጣት እንደሚቆጠር ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ግን ከዲያቆን በላይ ሆንኩ።

ለከድሮ ስነግረው ደግሞ፣ ሰዓቱን የወሰኑት ሰውዬው ናቸው አልኩት። ይሁና አለ። ከዚያ ወደ አንቺ መጥቼ፣ የወልቂጤ ልጆች እንግዶቻችን ናቸውና ቆጮ ጋግሪልን ብዬ ለመንኩሽ። አንቺም ጾመሽ ውለሽ፣ አፍጥረሽ ብዙም ሳታርፊ እስከ እኩለ ሌሊት ስትጋግሪ አመሸሽ። የበላነው እኛ ነን።

የግጥሚያውን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል ይላሉ፤ ያየውን እንጂ የሆነውን አያውቅም። እስከ እረፍት ከድሮ ብቻውን ተሸክሞን እኩል ወጣን። እረፍት ላይ ሌላው ሁሉ በጣሳ ውሃ ሲጠጣ እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተቀመጠ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ላቡ እንደቆመ አየሁ። ሰው በዚያ ፀሐይ እየሮጠ ላቡ ከቆመ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከንፈሩ ነጭ ሆነ። አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ ቀስ አድርገው ማለቱ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንግባባበት አስተያየት ነው። ኳሱ በእጄ ነበር። ሁለት ደቂቃ ባነጥረው፣ ወደ ኋላ ብመልሰው ያርፍ ነበር። እኔ ግን ጨዋታውን አፈጠንኩት። ሩጫውን አበዛሁበት። ሰዓቱን በስንፍና መርጬ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል እችል ይሆናል፤ ይህን ግን አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ ነው ያደረግኩት።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሰሌዳው ሥር ወደቀ። ፊሽካ አልተነፋም። እኔ በወደቀበት አጠገብ አልፌ ኳሷን ከቅርጫቱ አገባኋት። ሕዝቡ ጮኸ። ዘልዬ ስመለስ እግሬ እጁን ለጥቂት ሳተ።

ባልዲ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ። ስመለስ አቶ ሀብተወልድ ከራስጌው ቁጢጥ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግሩታል። ስደርስ ዝም አሉ። ከድሮ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንዳሉት ያን ቀንም አልጠየቅኩ፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩ። ውሃውን ወደ አፉ ሳቀርበው ከንፈሩን ገጥሞ ያዘ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ራሱ ላይ ብቻ አፈሰስኩለት። ማታ አቶ ሀብተወልድ፣ ልጁ እጁ ጥሩ ነበር ግን ትንፋሽ የለውም ብለው የእኔን ስም ጻፉ። ከድሮም ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም። የአባቱ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቀመጠ ነው።

አሁን አንቺ የምታውቂውንና እኔ የማላነሣውን ላነሣ ነው። በረታ በይ።

ማክሰኞ ወደ አንቺ የመጣሁት ይህን ሁሉ ልናዘዝልሽ ነበር። እውነቴን ነው። ከበሩ ስገባ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንቺ ግን ቀደምሽኝ። በሩን መለስ አደረግሽና እጄን ይዘሽ፣ «ልጄ፣ አንተ ብቻ ስማኝ። ከድሮን የጣልኩት እኔ ነኝ። ለሱሑር ሳልቀሰቅሰው እንቅልፍ ጣለኝ፤ ስነቃ ነግቷል። አልራበኝም ብሎኝ ባዶ ሆዱን ወጣ። ወላሂ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልሽኝ። ከዚያ ለከድሮ እንዳልነግረው በጠባሁት ጡት አስማልሽኝ። እሱ ረስቶታል፣ እኔ እያለቀስኩ ላስታውሰው አልፈልግም አልሽ።

እንቅልፍ የጣለሽ ለእኔ እንግዶች ቆጮ ስትጋግሪ አምሽተሽ ነው። እኔም ይህን እያወቅኩ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ የአላህ ሥራ ነው፣ አታልቅሺ አልኩሽ። አጽናናሁሽ፣ እናቴ! ጥፋቴን አንስተሽ በራስሽ ጫንቃ ስትጭኝ እያየሁ ማሰሪያውን አጠበቅኩልሽ። ሰዓቱን ከመምረጤም፣ ጨዋታውን ከማፍጠኔም ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ቀለል ብሎኝም ወጣሁ። እየሄድኩ ያፏጨሁ ይመስለኛል።

አውቶቡስ ተራ የሸኘኝ ከድሮ ነው። በገዛ እጁ የሰፋውን ሰባት ቁጥር ያለበት ማልያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አዲስ አበባ ግጥሚያ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው አሉ። ይመችሃል» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቡኢን እስክናልፍ ድረስ ስስቅ ቆይቼ ከዚያ ወዲያ መሳቅ አቃተኝ።

ቀሪውን በየደብዳቤው ነግሬሻለሁ፤ ያልነገርኩሽ ብቻ ልበልሽ። ስድስት ዓመት ለዚያ ፋብሪካ ተጫወትኩ። በመዝገቡ ላይ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ፤ መጋዘኑን ያየሁት ደመወዝ ልፈርም ስሄድ ብቻ ነው። በእንጨት ወለል ላይ፣ በመብራት ሥር ተጫወትኩ። ካርቱም ድረስ ሄድኩ። ፎቶግራፌ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለአንቺ ላክሁልሽ፤ አንቺም ግድግዳ ላይ እንደለጠፍሽው ከድሮ ጻፈልኝ። እሱ በየቀኑ ከዚያ ፎቶግራፍ ሥር ምሳ ይበላል ብዬ ሳስብ ለጋዜጣ መቆምን ተውኩ። ሰው ትሕትና አለው አለኝ። ሰው ስለ ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

ጉልበቴ የተሰበረ ዕለት፣ በ፲፱፻፷፪፣ መሬት ላይ ተኝቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ሰዓት ስንት እንደሆነ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እግዚአብሔር እንደ እኔ ነገር አያሳምርም።

ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ። ፋብሪካው ጥቂት ጊዜ ምክትል አድርጎኝ ከቆየ በኋላ የስፖርት መምህር ሆኜ ወደ አገራችን ለመመለስ አመለከትኩ። ቡታጅራም ወልቂጤም ክፍት ቦታ ነበር። ምረጥ ሲሉኝ ወልቂጤ አልኩ። አንቺ በዚህ አዝነሽብኛል፤ እኔም ቡታጅራ ቦታ የለም ብዬ ዋሸሁሽ። ቦታ ነበረ። ያጣሁት የከድሮን ሱቅ በረንዳ በየቀኑ የማልፍበትን ዓይን ነው።

አንድ ጊዜ ግን ሞክሬ ነበር። በ፲፱፻፷፬ ጥር ላይ በሾፌሩ በጀማሉ እጅ የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበረው። በሁለተኛው ገጽ ላይ የሰዓቱን ነገር ሁሉ ጽፌው ነበር፤ አንቺ ያስማልሽኝን ብቻ ትቼ። መልሱ በከድሮ እጅ ጽሑፍ መጣ። ስለ ስኳሩ አመስግነሽኛል፣ ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽኛል፣ መርቀሽኛል። ከታች ከድሮ በራሱ ስም አንድ መስመር ጨምሯል፤ «ሁለተኛው ገጽ በመንገድ ዝናብ መትቶት ቀለሙ ስለፈሰሰ ለእናታችን ላነብላት አልቻልኩም» ይላል። ከደብዳቤው ጋር ለቡድኔ ልጆች አሥር ቁምጣ ሰፍቶ ልኮልኛል። ጀማሉን ጠርቼ ዝናብ መትቷችሁ ነበር ወይ አልኩት። በጥር ወር ምን ዝናብ አለ ብሎ ሳቀብኝ፤ ደብዳቤውንም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለከድሮ እንደሰጠው ማለልኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ነበር። ከድሮ ካልፈለገው ምን አደርጋለሁ እያልኩ። ዝምታም ሲመች እንደ ትራስ ነው።

ዝምታዬን ያስጣሉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከድሮ በሰኔ የጻፈልኝ ነው። እናታችን በረመዳን ሌሊት ጎኗን አታሳርፍም፣ እስከ ሱሑር ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ አምና በዚህ የተነሣ ታማ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ብንጠይቃት አትነግረንም፤ አንተን ትሰማሃለችና ጻፍላት ይላል። ዘጠኝ ረመዳን እንቅልፍ እንዳይጥልሽ ቁጭ ብለሽ አነጋሽ ማለት ነው። በእኔ ጥፋት።

ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት የመጣ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ተጫዋች ሊመርጥ የሚመጣ ነው፤ ግጥሚያው ጥቅምት አራት፣ እሑድ፣ እዚሁ ወልቂጤ። ከማሉ የሚባል ጋርድ አለኝ፤ ይጾማል፤ እጁ የከድሮን ይመስላል። ሰውዬው ባለሜዳ ናችሁና ጠዋት ወይስ ከሰዓት አለኝ። ቃሉ አንድ ነው፣ እናቴ፤ ሰውዬውም ልክ እንደ አቶ ሀብተወልድ ቆብ አድርጓል። ጠዋት ሁለት ሰዓት አልኩ። እሑድ ጠዋት ክርስቲያኑ ቅዳሴ አይሆንም ወይ ሲለኝ ሊያልበኝ ጀመረ። ቅዳሴው ይወጣል፣ የማይደርስ ይቅርበት አልኩት። ይህን ማለት ያን ጊዜም ይህን ያህል ቀላል ነበር። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን አንድ ቃል ለሚያነብልሽ ልበል፤ ፍቀጂልኝ።

ከድሮ ወንድሜ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክ ዝናብ አልመታውም ማለት ነው። ያን ገጽ ለምን እንዳላነበብክላት አልጠይቅህም። ለእኔ አስበህ እንደሆነ ግን፣ አንተ የማታውቀው ነገር እንደነበረ አሁን ሰምተሃል። እናታችን ለምን እንደማትተኛ ጠይቀኸኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው። መሐላዬን ያፈረስኩት አንተ ይህን ገጽ እንዳታልፈው ብዬ ነው። ካለፍከው ዘንድሮም ቁጭ ብላ ታነጋለች። ጥቅምት አራት ብትመጣ ከአሰልጣኙ ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር አለ። ባትመጣም አልቀየምህም፤ መቀየም የእኔ ተራ አይደለም።

ወዳንቺ ልመለስ፣ እናቴ። ስሚኝ። ለከድሮ ባዶ ሆዱን ጠዋት መጫወት አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ሱሑር አልፎት ጠዋት ሁላችንንም ሲያስንቅ አይቼዋለሁ። የጣለው የአንቺ እንቅልፍ አይደለም። የጣለው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓትን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ተኚ። ሱሑር ሲደርስ ልጅሽ ይቀስቅስሽ። የዘጠኝ ረመዳን እንቅልፍ ልመልስልሽ አልችልም፤ የዘንድሮውን ግን አታስቀሪብኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝ እውነትሽን ነው። መሐላሽን አፍርሻለሁ፤ የማልኩበት ጡት ይፋረደኝ ብትይም እቀበላለሁ። ፎቶግራፌንም ከግድግዳው አውርጂው። ይህን ሁሉ አድርገሽ ሲያበቃ፣ ሆድሽ ከቻለ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ሆድሽ ካልቻለ ደግሞ ለእኔ ብለሽ አትታገይው፤ አንድ ጊዜ ለእኔ ብለሽ ከአቅምሽ በላይ አምሽተሻል።

አባባ ሸምሶን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ላሚቱን፣ አጥሩን፣ ደጁን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ ኢድን በደስታ ያውላችሁ።

ጀማሉ በአዲስ አበባ ዞሮ በቡኢ በኩል ቀኑ ሳይመሽ ይደርሳል። የላክሁልሽን ተምርና ስኳር እንደደረሰ ይስጥሽ፤ ደብዳቤውን ግን ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከኪሱ እንዳያወጣ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። ሁላችሁም አፍጥራችሁ፣ ተምሩን ቀምሳችሁ፣ ከድሮም ጠግቦ ጠጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ያንብበው። ድምፁ ቢያዝበት ውሃ አጠገቡ ይኑርለት። ጀማሉን አትቆጪው፤ ይህን ሰዓት የመረጥኩት እኔ ነኝ።

የጡት ልጅሽ